ቀላሉን ፒያኖ መልሱት

ሰው የሕይወቱን ነገር ሲያወራ ከተወለደበት ቀን ይጀምራል። እኔ ከሳጥኔ ልጀምር፣ ጉዳዩ ያለው እዚያ ስለሆነ።

ሳጥኑ የባህር ዛፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ አናጢ ወዳጄ ለኪቦርዴ መያዣ ብሎ የሠራልኝ ነው። "መኪና ቢወጣበት አይሰበርም" አለኝ። አልዋሸም። አንድ ቀን ቁይ ከተማ ላይ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲል ገጨው፣ የተጎዳው አይሱዙው ነው። ችግሩ ምንድን ነው፣ ሳጥኑ ውስጡ ካለው ኪቦርድ ይከብዳል። ከመኪና ሲወርድ ያየ ሰው ሁሉ ቆቡን አውልቆ "ማን ነው የሞተው?" ይል ነበር። እኔም ይህን ሳጥን በጠፍር ማንገቻ በግራ ትከሻዬ ላይ አድርጌ አስራ ስምንት ዓመት ከሰርግ ሰርግ ዞርኩ። ሌላ ሰው እንዲያግዘኝ አልፈልግም፣ ይጥልብኛል ብዬ።

ስሜ ሙሉቀን ነው፣ ሙሌ ይሉኛል። ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ባለ ሁለት ደርብ ማቆሚያ ላይ ሁለት ሲንተሳይዘር እደረድራለሁ። የላይኛው ማሲንቆና ዋሽንት ይሆናል፣ የታችኛው ከበሮና ቤዙን ያወጣል። ከፊት የምትቆመው ድምፃዊቷ የሺ ናት፣ ከጅምሩ አብራኝ የሠራች። የሺ ማይኳ ቢበላሽ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ድምፅዋ እንደዚያ ነው።

ስለዚያን ጊዜው ሙሌ ሁለት ነገር እወቁልኝ። አንደኛው፣ ደብረ ኤልያስ አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው አጎት ወደ እኔ መጥተው "ይሄ ነገርህ አንዴ ይጮሃል አንዴ ያንሾካሹካል፣ ምሳ አልሰጡህም እንዴ?" አሉኝ። ኪቦርዱ ላይ ተች የሚባል በተን አለ። ሲበራ፣ ቁልፉን ጠንከር አድርገህ ከመታኸው ድምፁ ይጎላል፣ ለስለስ ካደረግኸው ይቀንሳል። ሲጠፋ ግን ዝንብም ብታርፍበት እኩል ይጮሃል። አጠፋሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ አላበራሁትም። ድንኳን ውስጥ ለስላሳ ነገር ማን ይፈልጋል?

ሁለተኛው ብርጭቆ መጣሌ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር፣ በግራ እጄ የያዝኩት ብርጭቆ ያመልጠኛል። መጀመሪያ የወደቀ ቀን "ጠጁ ውሃ በዝቶበት ብርጭቆው ራሱ ተቃወመ" አልኩ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በየሰርጉ ይጠብቁት ጀመር። ሳልጥል የዋልኩ ቀን "ሙሌን ዛሬ ምን ነካው?" ይሉ ነበር። እኔም ሆን ብዬ የምጥለው አስመሰልኩ። ቀስ በቀስ ለራሴም እንደዚያ መሰለኝ።

እንግዲህ ጋሽ ስሜነህ የሚባሉ የጤፍ ነጋዴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በደጀን መውጫ በኩል ሆቴል ሠሩ። አስጠሩኝና ቅዳሜና እሁድ በምሳ ሰዓት ሙዚቃ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከበሮ ግን እንዳይኖር። "ሰው እየበላ ትከሻው መነቅነቅ የለበትም፣ ወጥ ይደፋል" አሉ። ፒያኖ ብቻ፣ የሺም ቀስ ብላ እንድትዘፍን። ቋሚ ሥራ ነው። ወገቤና አንገቴ አልቀው ስለነበር ለእኔ ይህ ከሰማይ የወረደ ነገር ነው። ሳጥኑን ተሸክሜ ገጠር መውረድ ቀረልኝ ማለት ነው። ካልሆነ ደግሞ ያ ዓመት የመጨረሻዬ እንደሆነ ወገቤ ነግሮኛል። ኪቦርድ ከመጫወት ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ምን ዓይነት ፒያኖ እንደሚሻል ሲጠይቁኝ ዕውቀቴን ዘረገፍኩት። በልጅነቴ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ምስጥ እስኪበላው ድረስ ጣቴን ያፍታታሁበት አንድ የድሮ ፒያኖ ነበር። የእሱ ቁልፍ እንደ ሲንተሳይዘር ላስቲክ አይደለም። ውስጡ መዶሻ አለ፣ ጣትህን ይገፋሃል፣ ታግለህ ነው ድምፅ የምታወጣው። አሁን ደግሞ ለመድረክ የሚሆን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ቁልፉ ላይ ክብደት የተደረገበት ፒያኖ አለ አልኳቸው። ሲንተሳይዘሬን ከላይ ፒያኖውን ከታች አድርጌ ደርብ እሠራለሁ። ግን አዳራሹ በሌላው ቀን ለስብሰባ ስለሚከራይ ዕቃው ሁልጊዜ ፎቅ ዕቃ ቤት ወጥቶ መውረድ አለበት። ስለዚህ ቀላል ይሁንልኝ አልኩ።

ጋሽ ስሜነህ መነጽራቸውን አወለቁ። "ቁልፉ የሚከብድ፣ ራሱ ግን የማይከብድ ነው የምትለኝ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እንዲህ ያለ በሬ እኔም ስፈልግ ነው የኖርኩ። ሲያርስ የሚከብድ፣ ሲበላ የማይከብድ።"

ቢሆንም አዲስ አበባ ያለ የሚያውቁት ነጋዴ ዘንድ ደወሉ። ሰውየው ሁለት ፒያኖ እንደሚልክ፣ አንዱን መርጠን ሌላውን እንድንመልስ ተስማማ። ሾፌሩ ይታየው ዓርብ ረፋድ ያወርዳቸዋል፣ ባሕር ዳር ደርሶ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲመለስ ያልመረጥነውን ይወስዳል። እሁድ ምረቃ ነው። ለመምረጥ ያለኝ አንድ ቀን ከግማሽ ነው።

ዓርብ ደረሱ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር። ጋሽ ስሜነህ ካርቶን ላይ የተጻፈ ክብደት አያምኑም፣ ሁለቱንም መጋዘናቸው አስወስደው የጤፉ ሚዛን ላይ አስወጧቸው። ነጩ አስራ አንድ ኪሎ፣ ጥቁሩ ሃያ ሦስት። አንዱ ጫኝ ጎንበስ ብሎ አየና "ዓይነቱ ምንድን ነው?" አለኝ። "ሰርገኛ" አልኩት። መጋዘኑ ሳቀ። እንዲያ ነበርኩ፣ ሚዛን ሲያነብ እንኳ ቀልዱን የማያስቀር ሰው።

ነጩን ብቻዬን አቅፌ ፎቅ ወጥቼ ወረድኩ። እንደ ሙሽራ። ጥቁሩን በሁለት ሰው አስያዝኩና ወገቤ እያየው ብቻ አመመኝ። ምርጫው እዚያው ያለቀ መሰለኝ። የቀረው መቅመስ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ነጩን ማቆሚያው ላይ አደረግሁና ቀኝ እጄን ጣል አደረግሁበት። እመኑኝ፣ እንባ ነው የመጣብኝ። ቁልፉ ይገፋል። የልጅነቴ ፒያኖ ከምስጡ ሆድ ተነሥቶ የመጣ ነው የመሰለኝ። የሺ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጇን አገጯ ላይ አደረገች። ከዚያ ግራ እጄን ጨመርኩ።

ግራው ጎደሎ ሆነ። ሦስት ድምፅ መጮህ ሲገባው አንዱ ብቻ ይጮሃል። ደገምኩ። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ያረፉባቸው ቁልፎች ዝም ናቸው። ወደ ግራ ጠጋ ብዬ ሌላ ቦታ ሞከርኩ። እዚያም ሁለቱ ዝም።

"ተበላሽቶ ነው የመጣው" አልኩ። "ዓባይ በረሃ ሲወርዱ አንገጫግጨውታል።"

ጥቁሩን አስነሣሁ። እሱም ያው። እንዲያውም ባሰ፣ ቁልፎቹ ይበልጥ ስለሚከብዱ ግማሽ ድረስ ወርደው ይቆማሉ። ስልኬን አወጣሁና ሾፌሩ ይታየው ላይ ወረድኩበት። ሁለት ዕቃ አምጥተህ ሁለቱም ብልሽት፣ በሬ ነው ወይ የጫንከው፣ እያልኩ። ይታየው ደንግጦ በየጉድጓዱ ፍጥነት እንደቀነሰ እየማለ ነው። ይህን ስናገር የሺ ተነሥታ መጣች። በአውራ ጣቷ ዝም ያለውን ቁልፍ ጫነችው። ጮኸ። ጎኑ ያለውን ጫነች። ጮኸ። ሁሉንም አንድ በአንድ ጫነቻቸው። ሁሉም ጮኹ።

ስልኩን ዘጋሁት።

"ሙሌ" አለች የሺ።

"ጣቴ ደክሞ ነው። እሮብ የሰርጉ ሳጥን አድክሞኝ ነው።"

"ጣት እንዲህ ይደክማል እንዴ?"

"የእኔ ጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ዓርብ ከሰዓት አይገባም" አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እስኪመሽ ድረስ ግን ያቺን አንድ ግራ እጅ ደጋገምኳት። ሁለቱ ጣቶች ላይ ክርኔን፣ ከዚያ ትከሻዬን፣ ከዚያ መላ አካላቴን ጨመርኩባቸው። ቁልፉ ግማሽ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነጩ እንደሚሻል ነገርኳት። ዋሽቼ አይደለም፣ ነገ ጠዋት ይተዋል ብዬ አምኜ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አልተወም። እንዲያውም ሦስት ሰዓት ላይ አማቼ መጡ።

አማቼ መሪጌታ ይባቤ የበገና መምህር ናቸው። ምረቃው ላይ በበገና እንዲከፍቱ ጋሽ ስሜነህ ለምነዋቸው የት እንደሚቀመጡ ሊያዩ ነው የመጡት። መሪጌታ እኔን ይወዱኛል፣ ሥራዬን አይወዱም። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን ስጫወት ሰምተውኝ አያውቁም። "መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ሙያ" ነው የሚሉት። ያን ቀን ግን አዳራሹ ውስጥ የተገኘነው እኔና የሺ ብቻ ስለነበርን ሊሸሹኝ አልቻሉም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና "እስቲ ተጫወት፣ ልስማህ" አሉኝ።

አስራ ስምንት ዓመት ይህን ቃል ጠብቄያለሁ። ከመጣስ በዚህ ቀን መምጣቱ።

በነጩ ላይ አንድ ትዝታ ጀመርኩ። ቀኙን አሳመርኩት፣ ግራውን በቀኙ እየሸፈንኩ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሳልጨርስ እጃቸውን አነሡ።

"ሁለት ጣትህ የት ሄዱ?"

የሺ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ነው" አሉ። "አርባ ዓመት የሰው ግራ እጅ ሳይ ነው የኖርኩት። ተማሪ ሲመጣ ከአፉ በፊት ጣቱን ነው የምሰማው። አምጣ።"

እጄን ሰጠኋቸው። ገለበጡት። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ያለውን ቦታ በጣታቸው ዳበሱት። ያኔ እኔም አየሁት። የቀኙ ሥጋ ሙሉ ነው። የግራው ጎድጉዷል፣ ማንኪያ ያወጣው ይመስል። ይህን እጅ በየቀኑ እታጠብበታለሁ። አላየሁትም።

የዘፈን ዝርዝር የጻፍኩበትን ወረቀት ከፒያኖው ላይ አነሡና በቀኝ እጄ በሁለት ጣት እንድይዘው አዘዙኝ። ሳቡት። ወረቀቱ ለሁለት ተቀደደ። ግማሹን በግራዬ አስያዙኝ። ሳቡት። ወጣ። እንዲሁ፣ ከመጽሐፍ ገጽ መሃል እንደሚወጣ ወረቀት። "ያዝ" አሉኝ ድጋሚ። "ይዣለሁ እኮ" አልኳቸው። ይዤ ነበር።

"መቼ ጀመረህ?"

መቼ? የሚያመኝ ትከሻዬ እንጂ ጣቴ አይደለም። ስጫወት የቀረ ድምፅ የለም። ባለፈው እሮብ ሰርግ እንኳ አንድም ነገር አልቀረም፣ ሁሉም እኩል ይጮሃል። እኩል። ሁሌም እኩል።

ተነሥቼ ወደ ጥግ ሄድኩ። ያ ሳጥን እዚያ ነበር። ኪቦርዴን አውጥቼ ገመዱን ሰካሁና ተች የምትለዋን በተን ተጫንኩ። ትንሿ ቀይ መብራት በራች። ስድስት ዓመት ያላየኋት መብራት። በየድንኳኑ በየሳምንቱ የተጫወትኩትን፣ ተኝቼም የማልስተውን የሙሽራ ዘፈን ጀመርኩ።

ቀኙ ጮኸ። ግራው ያንሾካሹካል፣ የለም ማለት ነው። ሰፊ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሲጨፍር ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ለስንት ዓመት የሰው ልጅ ስድርበት የኖርኩት፣ ያ ከበሮ የሞላው ሁሉ ሙዚቃ የእኔ ያልሆነ መሰለኝ። ጣቶቼ መች እንደተለዩኝ አላውቅም። ማሽኑ ሲሸፍንላቸው ኖሯል። እኔ ራሴ ነኝ ሸፍንላቸው ያልኩት።

የሺ ከመስኮቱ ዞረች። ፊቷ ሌላ ሆኗል።

"ብርጭቆው" አለች።

"ተይው።"

"ሁሌ ስቄያለሁ እኮ ሙሌ። በጣልክ ቁጥር ስቄያለሁ።"

የምመልስላት ቀልድ ፈለግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም አልመጣልኝም። መሪጌታ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና አንድ ተማሪ እንዲሁ ሆኖባቸው እንደነበር፣ በሕክምና እንደሞከረ፣ ከዚያ ድጓ ወደ መማር እንደሄደ ነገሩኝ። እጁ ዳነ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ድጓውን ጥሩ ይዞታል" አሉ። እንደዚያ ነው የመለሱልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይታየው ሚኒባሱን በር ላይ አቆመ። ዓርብ የሰደብኩትን ስላልረሳ ከመኪናው አልወረደም። ጋሽ ስሜነህ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ወጡ።

"እህሳ ሙሌ፣ የቱን ልመልስ? ነጩን አይደል የወደድከው?"

ሁለቱ ፒያኖዎች ጎን ለጎን ነበሩ። እንደ ፒያኖ ጥቁሩ ይበልጣል፣ ያን ዓርብም አውቄው ነበር። ቁልፉ የእውነት ነው፣ ድምፁ ከታች ይመጣል። የነጩ ብልጫ አንድ ብቻ ነው፣ እኔ ልሸከመው መቻሌ። ነጩን ካልኩ እሁድ ቁጭ ብዬ በቀኝ እጄ እያታለልኩ ጥቂት ወራት እገፋ ነበር። ወጥ የሚበላ ሰው ግራ እጅ አይሰማም። ይህን አሰብኩ፣ አልዋሻችሁም። ቆሜ አሰብኩት። መሪጌታ ከኋላዬ ነበሩ።

"ቀላሉን መልሱት" አልኩ።

"ኧረ! ወገቤ ስትለኝ አልነበር እንዴ?"

"የሚሸከመው ሌላ ሰው ነው ጋሼ። የሚጫወተውም።"

ጋሽ ስሜነህ አዩኝ። ቀልድ ነው ብለው ሊስቁ አፋቸው ተከፈተ። ከዚያ የሺን አዩ፣ አፋቸው ተዘጋ። ነጩን እኔ ራሴ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ላወጣው ተነሣሁ፣ ይታየው ግን ቀድሞኝ በአንድ እጁ አንሥቶ ወሰደው። ያን ያህል ነበር የሚቀለው።

እሁድ መሪጌታ በበገና ከፈቱ። የሺ ያለ ሙዚቃ ሁለት ዘፈን ዘፈነች። ጥቁሩ ፒያኖ ጨርቅ ለብሶ ዋለ። እኔ ከበር አጠገብ ተቀምጬ በላሁ፣ በቀኝ እጄ። ወጥ አልደፋሁም።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ ከአንገቴ ወደ እጄ የሚወርደው ነርቭ ትከሻዬ ላይ ለዓመታት ተጨፍልቆ መኖሩን ነገረኝ። ምን እሸከም እንደነበር ጠየቀኝ፣ ስለ ሳጥኑ ነገርኩት። በእንጨት እንደዚያ የሚሠራ ሰው አይቶ የማያውቅ ይመስል ሁለቴ አስደገመኝ። ገና ሲጀምር ብትመጣ ኖሮ ሲል አቋረጥኩት፣ የቀረውን ስለማውቀው። ቀዶ ሕክምናው ተሠራልኝ። ሕመሙ ቀነሰ። ጣቶቹ አልተመለሱም፣ አሁን ዓመታት አልፈዋል፣ አይመለሱም።

ዛሬ የሰርግ መድረክ መሪ ነኝ። ማይክ በቀኝ እጅ ይያዛል። ሰው እንደ ድሮው ይስቃል፣ እንዲያውም በዛ። በሆቴሉ ፒያኖ የምትጫወተው ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት፣ ግራ እጇ ጥሩ ነው። የሺ ከእሷ ጋር ነው የምትዘፍነው። ሲያምር ደስ ይለኛል ብዬ ብዋሻችሁ ይሻል ነበር። ሲያምር ወጥቼ ደጅ እቆማለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ተነሥታችሁ ሕይወት እንዲህ ናት እንድትሉልኝ አይደለም የጻፍኩት። ኪቦርድ የምትጫወቱ ካላችሁ በሳምንት አንድ ቀን ያቺን በተን አብሩና ራሳችሁን ስሙ። ሳጥናችሁን ቀይሩት። ኪቦርድ የማትጫወቱ ደግሞ፣ ከመካከላችሁ ሁልጊዜ ብርጭቆ የሚጥልና የሚያስቅ ሰው ካለ፣ አንድ ቀን ሳትስቁ እጁን ተቀብላችሁ እዩለት። ይናደድባችኋል። እኔም እናደድ ነበር። እዩለት።

አንዳንድ ሰኞ አዳራሹ ባዶ ሲሆን እገባለሁ። የሺ በር ላይ ትቆማለች። የጥቁሩን ፒያኖ ጨርቅ እገልጥና በግራ እጄ ትንሽ ጣት አንድ ቁልፍ እጫናለሁ። ግማሽ ድረስ ይወርዳል፣ ይቆማል።

"ምን አለ?" ትለኛለች ከበሩ።

"ዛሬም ዝም" እላታለሁ።

ጨርቁን አለብሰዋለሁ። ሁለታችንም አንስቅም።